ጥርኝ ውሃና 78 ነፍስ፦ የጽድቅ ጥያቄ በበላዔ ሰብእ ታሪክ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከተአምረ ማርያም ታሪኮች አንዱ የሆነውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር መመርመር ነው። ምርመራው የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም በክርስትና ውስጥ ለዘመናት ሲያከራክር የኖረው «ሰው የሚጸድቀው በእምነቱ ነው ወይስ በሥራው?» የሚለው ነው። ጥያቄው የነገረ መለኮት ሊቃውንት ነው፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን አገባው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እገምታለሁ። እርግጥ የትኛው ትምህርት እውነት ነው ብሎ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ታሪኩ ጥያቄውን የሚያነሣው በሴራ፣ በገጸ ባሕርይና በምስል ነው። እነዚህ ደግሞ የሙያችን ድርሻ ናቸው።

ርእሱን እንድመርጥ ያደረገኝ ሌላም ምክንያት አለ። ይህን ታሪክ በክፍል ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎች ወዲያው ከሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ለመከላከል፣ ገሚሱም ለመንቀፍ ይነሣል። ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን የሚጀምሩት ግን ከመጨረሻው፣ ከሚዛኑ ነው። ከሚዛኑ በፊት ያለው የትረካው አብዛኛው ክፍል ሳይነበብ ይቀራል። እኔ እዚህ የማሳየው፣ ታሪኩ ከመነሻው ጀምሮ ሲነበብ ከሁለቱ ወገኖች ለአንዱም በቀላሉ እንደማይመች፣ ይልቁንም ክርክሩ ራሱ የቆመበትን የሒሳብ አስተሳሰብ እንደሚፈትን ነው።

መጽሐፉና ታሪኩ

ተአምረ ማርያም መነሻው በ12ኛው ምዕት ዓመት ገደማ በምዕራብ አውሮፓ፣ በተለይም በፈረንሳይ፣ የተሰበሰቡ የማርያም ተአምራት እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መባቻ፣ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ኤንሪኮ ቸሩሊ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናቱ ይህን ጉዞ ተከታትሏል። መጽሐፉ አገራችን ከገባ በኋላ እንደገባ አልቀረም፤ አገር በቀል ታሪኮች እየታከሉበት ሰፍቷል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ሠሩለት። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም በማለታቸው ብርቱ ቅጣት ደርሶባቸዋል። እንግዲህ መጽሐፉ ከጥንቱም የተነበበው ክርክር ባለበት አየር ውስጥ ነው።

ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ አስታውሳለሁ። በሰፊው በሚነገረው አተራረክ፣ ሰውየው የቅምር አገር ሰው፣ ባለጸጋና እንግዳ ተቀባይ ነው። ሰይጣን በደግነቱ ቀንቶ በሦስት እንግዶች አምሳል ይመጣበታል። እንግዶቹ የቀረበላቸውን ማዕድ ትተው ልጅህን እረድልን ይሉታል፤ ያርዳል። አስቀድመህ አንተ ቅመስ ይሉታል፤ ይቀምሳል። ከዚያ ወዲያ ጠባዩ ይለወጥና ቤተሰቡን፣ አሽከሮቹን፣ ያገኘውን ሁሉ እየበላ 78 ነፍስ ያጠፋል። አንድ ቀን ውሃ ይዞ ሲሄድ በለምጽ የቆሰለ፣ በጥም የተቃጠለ ድኻ ያገኛል። ድኻው በእግዚአብሔር ስም፣ ከዚያም በቅዱሳን ስም ይለምነዋል፤ እምቢ ይላል። በመጨረሻ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ሰውየው ከሞተ በኋላ ነፍሱ ለፍርድ ትቀርባለች። በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ጥርኙ ውሃ ሲመዘን ነፍሳቱ ይከብዳሉ። እመቤታችን ጥላዋን በውሃው ላይ ስታሳርፍበት ግን ውሃው ይመዝናል፤ ሰውየውም ይማራል። ታሪኩ የካቲት 16 ቀን ከሚከበረው ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር ተያይዞ ይታሰባል።

ቅጂዎቹና አነጋገሮቹ እንደሚለያዩ መዘንጋት አይገባም። ታሪኩ አጥሮ ሲቀርብ ሰውየው ከመጀመሪያው ሰው በላ ሆኖ ይገባል፤ የሦስቱ እንግዶች ነገር አይነሣም። እኔ ረዥሙን አተራረክ የምከተለው፣ የጽድቅ ጥያቄ በሙሉ ክብደቱ የሚታየው በዚያ ስለሆነ ነው።

ሁለቱ ንባቦች

በታሪኩ ላይ የሚሰጠውን አስተያየት በሁለት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ንባብ ውሃውን በጎ ሥራ አድርጎ ይወስደዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ለታናናሾች የሚሰጥ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ዋጋው እንደማይጠፋ የተነገረውን ይጠቅሳል፤ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው የሚለውን የያዕቆብን ትምህርትም ይደግፍበታል። በዚህ ንባብ የታሪኩ መልእክት፣ በቃል ኪዳን ላይ የተመሠረተ ሥራ ትንሽ ቢሆንም አይናቅም የሚል ነው።

ሁለተኛው ንባብ ታሪኩን የሚቃወም ነው። የሚነሣው ጳውሎስ ለሮሜና ለገላትያ ሰዎች ከጻፈው ነው፤ ሰው በሕግ ሥራ ሳይሆን በእምነት ይጸድቃል የሚለውን ይይዛል። በዚህ ወገን አስተያየት ታሪኩ ሁለት ጥፋት አለበት። አንደኛ፣ ድኅነትን ለጥርኝ ውሃ ይሸጣል። ሁለተኛ፣ የክርስቶስን ሥራ ለሌላ ይሰጣል። ይህ አመለካከት በአውሮፓ ከሉተር ተሐድሶ ጋር ጎልቶ የወጣ ነው። ሉተር በ1522 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም መቅድም ላይ የያዕቆብን መልእክት ከገለባ እስከ መመደብ ደርሷል። በነገራችን ላይ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 (እ.ኤ.አ.) ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። እንግዲህ በሁለቱ ዓለማት መካከል የነበረው ንግግር ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይቀድማል።

የአንድምታን ትርጓሜ ለሚያውቅ አንባቢ ሁለት ንባብ መኖሩ አዲስ አይደለም። የአንድምታ መምህር «አንድም» ሲል ግን ከጽሑፉ ቃል ሳይርቅ ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ሁለቱ ንባቦች ጉድለት ከዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ታሪኩን ለትምህርታቸው ምስክር አድርገው ይጠሩታል፤ የመጀመሪያው እንደ ረዳት ምስክር፣ ሁለተኛው እንደ ሐሰተኛ ምስክር። ምስክሩ የሚለውን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠው ግን የለም።

የአብርሃም ድንኳን

ሦስት እንግዶች፣ ደግ ባለቤት፣ የተዘጋጀ ማዕድ፣ የሚታረድ ልጅ። እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ላይ ያየ አንባቢ አብርሃምን ሳያስብ አያልፍም። ታሪኩ የተገነባው ከዘፍጥረት ሁለት ክፍሎች ነው፤ ከምዕራፍ 18 እንግዶቹን፣ ከምዕራፍ 22 የልጁን መሥዋዕት ወስዶ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን ያገናኛቸዋል። ሲያገናኛቸው ግን ይገለብጣቸዋል። አብርሃም ዘንድ የመጡት እንግዶች ልጅ ትወልዳለህ ብለው ያበስራሉ፤ በላዔ ሰብእ ዘንድ የመጡት ያለውን ልጅ ይነጥቃሉ። አብርሃም ቢላዋውን ሲያነሣ እጁን የሚይዝ ድምፅ ይሰማል፤ ይህኛው ሲያነሣ የሚሰማው ዝምታ ነው።

ይህ መገልበጥ ለጥያቄያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ምክንያቱም ጳውሎስና ያዕቆብ የሚለያዩት በዚሁ በአብርሃም ላይ ነው። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 4 አብርሃምን ሲጠራ ወደ ዘፍጥረት 15 ይመለሳል፤ አብርሃም ገና ሳይገረዝ፣ ምንም ሳይሠራ አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት ይላል። ያዕቆብ ያንኑ አብርሃም ሲጠራ ወደ ዘፍጥረት 22 ይሄዳል፤ ይስሐቅን በመሠዊያው ላይ ባቀረበ ጊዜ በሥራ ጸደቀ ይላል። አንድ ሰው፣ ሁለት ምዕራፍ፣ ሁለት መደምደሚያ። የእኛ ተራኪ ገጸ ባሕርዩን ያስቀመጠው ሁለቱ ሐዋርያት ምስክር ከጠሩበት ከዚያው ቦታ ላይ ነው።

ታዲያ እዚያ ቦታ ላይ ምን ይሆናል? ሥራው ይከዳዋል። የሰውየው ውድቀት የገባው በክፉ ጠባዩ በኩል አይደለም፤ በደግነቱ በር ነው። እንግዳ ባይቀበል ኖሮ ሰይጣን ቤቱ ባልገባ ነበር። እምነቱም ይከዳዋል። እንግዶቹ ከሰማይ እንደመጡ አምኖ ነው ልጁን ያረደው። ስለዚህ መቅድሙ ሲያበቃ ሁለቱም፣ ሥራም እምነትም፣ ፈርሰዋል። ተራኪው ከሁለቱ አንዱን አላስቀረልንም። ታሪኩ የሥራን ጽድቅ ይሰብካል ብሎ የሚነቅፍም፣ ያንኑ ብሎ የሚያወድስም፣ ይህን መቅድም ዘልሎ ካልሆነ በስተቀር መከራከር አይችልም።

ስምና መስማት

የትረካው ሁለተኛ መዓዘን የለምጻሙ ልመና ነው። ልመናው ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ነው፤ ተደራሲው ከቃል ትረካ የለመደው፣ ሁለት ጊዜ ከሽፎ በሦስተኛው የሚሠምር ቅርጽ አለው። በእግዚአብሔር ስም ያልራራ ሰው በማርያም ስም እንዴት ይራራል? የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይነሣል። ነቃፊው ወገን ይህን የታሪኩ ትልቁ ነውር ያደርገዋል።

መልሱ ከትረካው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሰውየው የማርያምን ስም ሲሰማ፣ በአማላጅነቷ ከሲኦል እንደምታድን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገር ይሰማ እንደነበር ያስታውሳል። ይህ ቦታ በታሪኩ ውስጥ ልዩ ነው። ከዚህ በፊት ተራኪው የሚነግረን ሰውየው ያደረገውን ብቻ ነው፤ አረደ፣ ቀመሰ፣ ገደለ፣ በላ። ውስጡን አናይም። እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ይከፈታል፤ የሚከፈተውም በትዝታ ነው። ከ78 ሰዎች ሞት በፊት፣ ከሦስቱ እንግዶችም በፊት፣ ልጅ የነበረበት ዘመን አለ። በዚያ ዘመን የሰማው አንድ ስም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ጳውሎስን ለሚጠቅሱ ወገኖች አንድ ነገር ማስታወስ እወዳለሁ። በሮሜ ምዕራፍ 10 እምነት ከመስማት ነው የሚለው ጳውሎስ ነው። በታሪኩ ውስጥ መስማቱ ከውሃው ይቀድማል፤ ጥርኙ ውሃ የተሰማው ነገር ፍሬ ሆኖ ይመጣል። ማን ነው የሚያድነው በሚለው ላይ ክርክሩ እንዳለ ይቀራል፤ ያን ሥነ ጽሑፍ አይፈታውም። በሴራው ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ትዝታ፣ ከዚያ እምነት፣ በመጨረሻ ሥራ ነው የሚመጣው።

ሥራው ራሱ ደግሞ ምን ያህል ነው? ጥርኝ ውሃ የተቃጠለ ጉሮሮ አይቆርጥም። ተራኪው አንድ እንስራ ወይም አንድ ቅል ውሃ ሰጠ ሊል ይችል ነበር። መጠኑን እስከዚህ ማሳነሱ ሥራን ለማክበር ፈልጎ እንዳልሆነ ያመለክታል። ሥራው እንደ ሥራ ሲታይ እንኳ ጎደሎ ነው።

ሚዛኑ

አሁን ሁሉም ወደሚጀምርበት ቦታ ደርሰናል። ሚዛኑ የታሪኩ ልቀት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ደጋግመው ከሣሏቸው ትዕይንቶች አንዱ ነው። በሚዛኑ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል።

አንደኛ፣ በሚዛኑ ላይ የሌለ ነገር አለ። ሰውየው ከውድቀቱ በፊት ስንት እንግዳ አብልቷል፣ ስንት ድኻ አጠጥቷል? ያ ሁሉ የት ሄደ? ድኅነት የሥራ ድምር ቢሆን ኖሮ ተከራካሪው መላእክት አስቀድመው የሚያቀርቡት ያንን ነበር። ተራኪው አንድም አላነሣም። በጎ ሥራ በሞላበት የመጀመሪያ ዕድሜው ምትክ የቀረበው ከመጨረሻው ዕድሜው የተገኘ ጥርኝ ውሃ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ደግነት የሰውየው የራሱ ሀብት፣ የራሱ ስም ነበር፤ ውሃው የተሰጠው በሌላ ስም ነው።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ መጀመሪያ በትክክል ይሠራል። 78ቱ ይከብዳሉ። ተራኪው ፍርዱን አላጭበረበረም፤ ውሃው በራሱ ኃይል አሸነፈ አላለም። ጥርኝ ውሃ ለነፍስ ግድያ ይበቃል ብሎ የሚያስተምር ታሪክ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ምዘና ባበቃ ነበር። ሥራው ተመዝኖ መቅለሉን ጽሑፉ በግልጽ ተናግሯል።

ሦስተኛ፣ ሚዛኑን የሚያዘነብለው ጥላ ነው። ጥላ ክብደት የለውም። ተራኪው ወርቅ፣ ዕጣን፣ ወይም ሌላ ክብደት ያለው ነገር ሊጨምር ይችል ነበር፤ የመረጠው በሚዛን የማይለካውን ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ሁለተኛው ምዘና የመጀመሪያው ተስተካክሎ የመጣ አይደለም። የምዘና ሥርዓት በራሱ ላይ የመጣ ለውጥ ነው። ሚዛን ክብደትን ብቻ ያውቃል፤ ጥላ ሲያርፍበት ግን የማያውቀውን ነገር እንዲያውቅ ይገደዳል። ምሕረት በሒሳብ መዝገብ ውስጥ የሚጻፍ ሌላ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ፍርድ እንጂ ምሕረት ባልተባለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከሁለቱም ወገኖች ይርቃል። የሥራን ዋጋ ለሚቆጥረው ቁጥሩ እንዳልበቃ ያሳየዋል። እምነት ብቻ ለሚለውም፣ ጥላው ያረፈው በባዶ ሚዛን ላይ እንዳልሆነ ያሳየዋል፤ ጎደሎም ቢሆን አንድ ጥርኝ ውሃ ነበረ።

የ78ቱ ዝምታ

አንድ ሐያሲ ይህን ታሪክ ሲያደንቅ ማለፍ የማይገባው ቦታ አለ። 78ቱ እነማን ናቸው? ልጅ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ አሽከሮች አሉ። ስም የላቸውም፤ አይናገሩም። ሲሞቱ ቁጥር ሆኑ፣ በፍርድ ጊዜም ክብደት ሆኑ። የገዳዩ ነፍስ ስትማር የእነሱ ነገር ምን ሆነ? ተራኪው አይነግረንም። ይህን ጥያቄ አንድ ተማሪዬ ሲያነሣ ሌሎቹ እንደ ድፍረት ቆጠሩበት። እኔ ግን ስለ ታሪኩ በክፍል ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እላለሁ። ምሕረት ከተበዳዩ ወገን ቆሞ ሲታይ መልኩ ሌላ ነው።

የዘውጉ ጠባይ በከፊል ያብራራዋል። የተአምር ታሪክ የሚያተኩረው በአንድ ኃጢአተኛና በአንድ አማላጅ ላይ ነው፤ ሌሎች ገጸ ባሕርያት አይበለጽጉም። ማብራሪያው ግን ዝምታውን አይሸፍነውም። ተራኪው ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ቁጥሩን አለመቀነሱ ነው። ስለ ምሕረት ትልቅነት ሲል «ጥቂት ሰዎች» ወይም «ብዙ ሰዎች» ብሎ አላድበሰበሰውም፤ 78 አለ። ታሪኩ በተነበበ ቁጥር 78ቱ ይቆጠራሉ፤ መጀመሪያም እነሱ ይከብዳሉ።

ታሪኩ ወንጀለኛን ያበረታታል የሚለውን ክስም ከዚሁ ጋር ማየት ይቻላል። ጥርኝ ውሃ ሰጥቼ እድናለሁ ብሎ የሚያስብ አንባቢ የበላዔ ሰብእን ቦታ ሊይዝ አይችልም። በላዔ ሰብእ ሲሰጥ ሒሳብ አልሠራም፤ እንዲህ ያለ ታሪክም አላነበበም። የሚያሰላ ሰው ወደ ሚዛኑ ተመልሷል፤ ሚዛኑ ደግሞ ብቻውን ሲሆን በማን ላይ እንደሚፈርድ ታሪኩ አሳይቷል። ታሪኩ የሚናገረው በኃጢአቱ ብዛት ተስፋ ለቆረጠ አድማጭ ነው።

ጥላ የሌለው ሚዛን

የሒሳቡ አስተሳሰብ በዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችንም አልጠፋም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ስለት ሥራ ነው፤ ይህን ብታደርግልኝ ይህን እሰጥሃለሁ የሚል ውል ነው። ውሉን የገቡት ወላጆች ሲሆኑ ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው። እዚህም የሚሠዋ ልጅ አለ፤ እዚህም እጅ የሚይዝ ድምፅ አይሰማም። ሐዲስ ልብ ወለዱን ሲጨርሱ ሚዛኑን የሚያዘነብል ጥላ አላመጡም፤ አንባቢው ከክብደቱ ጋር ብቻውን ይቀራል። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የአምስት ምዕት ዓመት ያህል ርቀት ቢኖርም፣ ሰው ከአምላኩ ጋር እንደ ነጋዴ ሲዋዋል ምን እንደሚከተል ሁለቱም ያውቃሉ። የሚለዩት ከውሉ በላይ ሌላ ነገር አለ ወይ ለሚለው በሚሰጡት መልስ ነው።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የበላዔ ሰብእ ታሪክ «በእምነት ወይስ በሥራ?» ለሚለው ጥያቄ እንደ ማስረጃ ብቻ መጠቀሱ ታሪኩን እንደሚያሳንሰው ለማሳየት ሞክሬያለሁ። መቅድሙ ሥራንም እምነትንም በአብርሃም ድንኳን አምሳል ባቆመው ቤት ውስጥ ያፈርሳቸዋል። የለምጻሙ ልመና በመስማት የመጣ ትዝታን ከሥራ ያስቀድማል። ሚዛኑ ሥራውን መዝኖ ቀላል መሆኑን ይናገራል፤ ጥላው ደግሞ ከሚዛኑ ሥርዓት ውጭ የመጣ ነው። 78ቱም ባለመናገራቸው አንባቢውን ሲጠይቁ ይኖራሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሂስ ሥራችንም ይጠቅማል። የሃይማኖት ሥነ ጽሑፋችንን በዩኒቨርሲቲ ስናስተምር ሁለት ፈተና ይገጥመናል፤ ወይ እንደ ሰባኪ ማወደስ፣ ወይ እንደ ተከራካሪ መንቀፍ። ሁለቱም ጽሑፉን በተዘጋጀ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ናቸው። የምንመዝንበትን ሚዛን ጽሑፉ ራሱ እንዲጠይቀው ስንፈቅድለት፣ አማኙም ሆነ የማያምነው ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንድ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። የተአምረ ማርያም ሌሎች ታሪኮችም በዚህ ዓይነት ቢመረመሩ ብዙ የሚነግሩን አለ ብዬ አምናለሁ።